ዝንብ መወርወሪያ

ከጣርማ በር ቁልቁል ጉሙ ሲገፈፍ፣
ደብረ ሲና ገበያ፣ ቀርከሃ በሰልፍ፤
ለጣራ፣ ለአጥር፣ ላልጋ፣ ለመሰላል፤
ጥሩሰው "ለምንህ ነው?" ይላል።

"ለዝንብ" አልኩት።
"ጭራ ከሆነ፣ እዚያ ማዶ ያለችውን ሴት ጠይቃት።"
"አይ፣ ማባረሪያ ሳይሆን፣ ዝንብ መወርወሪያ፤
ካውራ ዶሮ ላባ ታስራ፣ ለዓሣ ማታለያ።"
ሳቀ። በርበሬ የምትሰፍረውም ሳቀች፤
ስፍሩ ከእጇ ተደፋ፣ እኔን ረገመች።

ያንን የካርቦን ዘንግ ደብረ ብርሃን ባላየሁ!
ዋጋውን በብር ሳባዛ፣ ጣርማ በር ሳልደርስ
የስድስት ወር ደመወዜን በላሁ።

እናም ቀርከሃ።
አንዱ ወፍራም ነው፣ ቢያወዛውዙት ዝም፤
አንዱ ቀጥ ያለ፣ ግን እርጥብ፤ ሲደርቅ አይታመንም።
አንዱን ባንጓው በኩል ጆሮዬን አስጠግቼ፣
መለስኩት፣ ነቀዝ ሲቆረጥም ሰምቼ።

ከክምሩ ሥር የተረሳ፣ የገለባ መልክ ያለው፣
እንደ ጣቴ የቀጠነ፣ ጫፉን ዘመም ያረገው፤
ጨብጬ ወዘወዝኩት፤
ንዝረቱ እስከ ጫፉ ደርሶ
መዳፌን ነካኝ ተመልሶ።

"እሱማ ጠማማ ነው፣ ለሰው አልሸጠውም።"
"ለመጀመሪያ ነው፤ እኔም ገና አልቀናሁም።"
አርባ ብር።
ሠላሳ ብዬ ነበር፤ ዐሥሩን ለሳቁ ጨመርኩ።

ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ሚኒባሱ ውስጥ አልተኛ ቢል፣
ወያላው በስንዝር ለካው፤ "የአንድ ሰው ይከፈል!"
ከፈልኩ። ከዋጋው በለጠ።
ክር የለው፣ ቀለበት የለው፣
መስኮቱ ጋ እሱ ተቀመጠ፤
እኔ መሐል፣ በርጩማ ላይ።