ፊርማ

የአባቴን ፊርማ የለመድኩት ያኔ
ሰባተኛ ክፍል ስገባ ነው እኔ።
መጀመሪያ "ረ"ን እንደ ማጭድ ማጠፍ፣
ከዚያ ሳያመነቱ ወደ ቀኙ ማለፍ፣
መጨረሻው ላይ ግን ነጥቧን መተው ነው፤
አባቴ ቸኩሎ ሁልጊዜ 'ሚረሳው።

ረታ ነው ስሙ።
ማንን እንደረታ አልነገረኝም፤
ልጠይቀው ብልም ቤት አይገኝም።

ከተማችን ሱ ፎልስ፤ ሮዝ ነው ድንጋዩ፣
ወንዙ ሲወርድበት አረፋ ነው ላዩ፤
ነፋሱ ሲዞር ግን፣ የሥጋ ፋብሪካው
ጠረን ልብስ ደብተሩን ሁሉን ነው 'ሚነካው።
አባቴ መግባቱን የማውቅ በጫማው፣
ደፍ ላይ አውልቆት በቀረው ሽታው።
ሌሊቱን ቢላ ላይ፣ ቀኑን እንቅልፍ ላይ፣
ቅዳሜና እሁድን ሌላ ሰው ቤት ላይ።
እናቴ ዴንቨር ናት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ
ደውላ ታለቅሳለች። የእሷ ነው ትካዜ፤
የኔ ማጽናናት ነው።

አልመታኝም አባቴ። እውነቱን ልናገር፤
ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም ነበር።
ፍሪጁ በር ላይ ሃያ ዶላር ያስቀምጣል፣
ማግኔቱን ጫን አድርጎ በሩን ዘግቶ ይወጣል።
"ጉዳት አለ?" ብለው በቅጽ ሲጠይቁ
"የለም" እላለሁኝ፤ ምን ብዬ ይወቁ?
ያልተመታ ልጅ ምኑን ያሳያል?
ያልታየ ልጅ ሰምበር የት ላይ ይወጣል?

ስለዚህ ፈረምኩኝ። ለሙዚየም ጉብኝት፣
ለጥርስ ምርመራ፣ ለሒሳብ ውጤት፣
"ወላጅ አንብቦታል" ለሚለው ደብዳቤ።
ውሸት አይደለም፤ እኔው ነኝ አንብቤ።

አንድ መስመር ብቻ ነበር ያስቸገረኝ፤
"በድንገት ብትታመም ማን ይጠራ?" 'ሚለኝ።
ፊርማ ይኮረጃል። ሰው ግን አይኮረጅም፤
የማይነሳ ስልክ ቁጥሩም አይበጅም።
ባዶውን መለስኩት። ባዶውን መለሱት።
"መስመር ዘለሻል" ሲሉኝ ቢሮ ይዤው ገባሁት።

አግዳሚው ወንበር ላይ ኛኮር ተቀምጣለች፤
እሷም ያንኑ ቅጽ ጭኗ ላይ ይዛለች።
አክስቷ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ጎን
ነው የምትተኛው፤ ማድረቂያው ሲዞር ነው የምታውቅ ሙቀቱን።
እናቷ ጋምቤላ ከኖረችበት ዘመን
ሦስት ቃል ቀርቷታል፦
ነይ። ብዪ። አይዞሽ።
ትርጉሙን ታምታታለች፤
ደህና አደርሽ ለማለት "አይዞሽ" ነው 'ምትለኝ፤
አላረምኳትም። ደስ ስለሚለኝ።

"የእኔን ቁጥር ጻፊ" አለችኝ በዝግታ፣
"እኔም ያንቺን ልጻፍ" ብዕሯን አውጥታ።
ጻፍን።
"ዝምድና" የሚለው ጋ ስንደርስ ተያየን።
እህት አይደለንም፣ የአጎት ልጅ አይደለን።
ኛኮር አሰበችና "ሰው" ብላ ሞላችው፤
እኔም "ሰው" አልኩኝ። ያለኝ እሱ ነው።

ሚስስ ሐልቨርሰን ቅጾቹን ደርድራ፣
መነጽሯን ጠርጋ፣ ጣቷን ፊርማው ላይ አኑራ፣
"ዛሬ" አለች "አባትሽ ነጥቧን አልረሱም።"
ደሜ ቀጥ አለብኝ። እሷ ሌላ ቃል አልወጣትም።
ዓመት ከመንፈቁን ታውቅ ኖሯል ለካ!
"ደንቡ አይፈቅድም" አለች፤ "ልጅ በልጅ አይተካ።"
ግን አልቀደደችም። ከስማችን ግርጌ፣ በእርሳስ፣ በትንሹ
የራሷን ቁጥር ጻፈች፤ "ስታድጉ ደምስሱ።"

የካቲት፣ እኩለ ሌሊት፣ ስልኬ ጠራ።
"ማድረቂያው ተሰብሯል" አለች። ድምጿ ፈራ።
ከዜሮ በታች ነው። የአባቴን ቦት ጫማ
ከነሽታው አጠለቅሁ፤ አሥራ አንድ ብሎክ በጨለማ።
ጀግንነት የለበትም። አፍንጫዬ ቀላ፤
ክንዴ ላይ ብርድ ልብስ፣ ኪሴ ብስኩት፤ ሌላ
የያዝኩት የለኝም።
የምድር ቤቱን መስኮት በጣቴ ብመታው
ከፈተች።
ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

"አይዞሽ" አልኳት።
ሰላምታ መስሏት
"አይዞሽ" አለችኝ።