ያ ነገር

በኅዳር፣ ቶርስሃቭን ላይ፣ ገና በዘጠኝ ሰዓት
ብርሃን ጓዟን ሸክፋ ስትወጣ ከባሕሩ ፊት፣
ሽማግሌው ሃኑስ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ
ሾርባው ሲቀዘቅዝ ያያል፣ ቃል ከአፉ አምልጦ።
«ማርዩን፣» ይላል ልጁን፣ «አቀብይኝ ያንን፣ ያንን...»
ጣቱ ሳህኑን ይዞራል፣ ፈልጎ አጥቶ ስሙን።
«ያንን ነገር።»
ማንኪያውን ሰጠችው።

አርባ ዓመት ሙሉ ቃል ለቃሚ ነበረ፤
ከዓሣ አጥማጅ፣ ከአዋላጅ፣ ከሰካራም እየተበደረ፣
በብጣሽ ወረቀት፣ በእርሳስ፣ በጫማ ካርቶን አኖረ።
ለጭጋግ ብቻ የተለየ አንድ ካርቶን ነበረው፦
ሸለቆ የሚተኛው፣ ተራራ ወገብ የሚጠመጥመው፣
በግ ከነጠቦቷ የሚሰውረው።
አሁን ጭጋጉ ራሱ መጣ፣ ስሞቹን ለቃቀማቸው።
ጫማው ነገር፤ መነጽሩ ነገር፤ ጀልባው የማዶ ነገር።
የሟች ሚስቱን ፎቶ ሲያይ ግን
ይህችን ቃል እንኳ አልደፈረም።
ዝም አለ።

ማታ ማርዩን አቧራ እያራገፈች ካርቶኖቹን ፈታች፣
በጉንዳን ጽሕፈቱ «ቲንግ» ያለበትን አገኘች፦

«ሲወለድ ዕቃ አልነበረም። ችሎት ነበር፣ ሸንጎ፣
ሰው በተቆረጠ ቀን የሚቆምበት፣ ጎራዴውን አስቀምጦ።
ከዚያም በፊት፣ ምናልባት፣ ጊዜ ማለት ነበር።
እርግጠኛ አይደለሁም።»

ከጀርባው ደግሞ፣ በሌላ ቀለም፦

«አንድ ግንድ ነበር አሉ፣ ዛፍ በማያበቅል ደሴት
ማዕበል ገፍቶ ያመጣው፣ ለአንድ ጣራ የሚበቃ እንጨት።
‹ያየሁት እኔ ነኝ› አለ አንዱ፤ ‹ዳርቻው የኔ› አለ ሌላው፤
ሸንጎው ሦስት ቀን ተቀመጠ፣ ዝናብ እየደበደበው።
‹ቲንጉስ እንዴት ሆነ?› ሲሉ ሚስቶች፣ ማለታቸው ሙግቱን፤
‹ቲንጉ ያውና!› ሲሉ ልጆች፣ አዩ ግንዱን።
ቃል እንዲህ ይወርዳል፣ ከዳኛ አፍ ወደ ልጅ ጣት።
ይህን የነገረኝ ሰው ውሸታም ነበር፤
ግን እንዲህ ያለ ውሸት አይጣልም።»

ወደቡ ላይ ያ የድንጋይ ምላስ አሁንም ባሕር ይልሳል፤
በላዩ፣ ሣር በለበሰ ጣራ ሥር፣ ዛሬም ሹም ይፈርማል።
በአይስላንድ፣ በኖርዌይ፣ በዴንማርክ ምክር ቤት ደጅ
ቃሉ የጥንት ካባውን እንደደረበ ነው፣ ያገር ልጅ፣ የዳኛ ወዳጅ።
ሐምቡርግ ላይ ግን ካባውን አወለቀ፤ «ዲንግ» ነው፣ ተራ አሽከር፣
ብሎን ለጠፋበት መካኒክ ከመሬት የሚያጎነብስ ቁልቁል ሲያፈጥር።
ዮርክሺር ላይ ሌሊት አንዲት ልጅ ትጮኻለች፣
«አልጋዬ ሥር አንድ ነገር አለ!»
እናት ሻማ አብርታ ታያለች፤
ምንም የለም። ቃሉ ብቻ አለ።

እኔም በቋንቋዬ ዕቃውን ነገር እላለሁ፣ ሙግቱንም ነገር፤
ነገረኛ የምለው ዕቃ የሞላውን አይደለም፣
ነገር የሚበላውን እንጂ፣ ጎረቤቱን የሚያስከስስ በድንበር።
ደም ሳይዛመዱ ሁለት ቃላት፣ በሁለት የምድር ጥግ፣
አንድ ዓይነት ኑሮ ኖሩ፤ አንድ ዓይነት ድካም፣ አንድ ዓይነት ሕግ።
«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል እኛ ዘንድ፤
ሥሩ ጋ ስደርስ ያገኘሁት
የሚከራከሩ ሰዎች ናቸው፣ በዝናብ፣ በብርድ።

እሑድ ታይቱር ከኮፐንሃገን መጣ፣ ወንድሟ፣ ሻንጣውን ሳይፈታ፦
«አባባ እዚህ መቆየት አይችልም። የሚጦሩበት ቤት አለ፣ ቦታ...»
«አልጋውን የምቀይረው አንተ ነህ?»
«እሱ እኮ አንቺንም አያውቅሽም!»
ድምፅ ከፍ አለ። ሾርባው ቀዘቀዘ።
ማንም ያላስተዋለው ሽማግሌ
እጁን አነሣ፣ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ፣
«ቲንግ» አለ።

ማርዩን ማንኪያውን አነሣች።
ከዚያ ተጠራጠረች፤
ማንኪያ ይሁን የጠየቀው፣ ወይስ ችሎት የከፈተ፣
ማንም የሚያውቅ አልነበረም።
ታይቱር ሻንጣውን አስቀመጠ።
ሁለቱም ቁጭ አሉ።