ትራሙ እስኪያልፍ

ብርኖ ከተማ፣ ምድር ቤት፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት።
መስኮት የለንም፤ ሰዓቱን የምናውቀው በመሬት።
ስድስት ቁጥር ትራም ሲመጣ፣
ያን ዳገት ሲወጣ፣
ለሌላው ሰው ወለሉ ፀጥ ብሏል፤
ለእኛ ግን አገር ይናወጣል።
ስክሪኑ ላይ ተደርድሮ የቆመው አቶም
ያን ጊዜ ሰልፍ አይጠብቅም ከቶም።

እኔ የማሽኑ ዘበኛ ነኝ።
ረጅም የብረት ምሰሶ፣ አየር የሌለበት ሆዱ፣
ከአናቱ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ማግኔት ነው መንገዱ።
ብርሃን እዚህ አይሆንም፤ ጣቱ ወፍራም ነው፣
ይህን ያህል ትንሽ ነገር ዳብሶ አያገኘው።

ዝዲስላቫ ቆራጭ ናት፤ ቢላዋዋ አልማዝ።
ሰው ሲጨቃጨቅ «ፀጉር ሰንጣቂ!» ብሎ ይሳደባል፤
እሷ ይህን ስትሰማ ሳቋ ይመጣል።
አንዲት ፀጉር ሺህ ቦታ ተሰንጥቃ
አንዷ እጅ ውሃው ላይ ትተኛለች፣ እንደ ብር አብረቅርቃ።
ከሽፋሽፍቷ አንዷን ነቅላ፣ እንጨት ጫፍ ላይ አጣብቃ፣
በሷ ትነዳታለች ወደ መዳቡ ወንፊት፣ ትንፋሿን አምቃ።

የዛሬው ናሙና ስም የለውም፤ «አርባ አንድ ለ» ይላል።
ሳንባ ነው። የሰው።
ባለቤቱ ሲሞት
ሚስቱ ፈርማ ሰጥታለች፣ «ይማሩበት» ብላ በአንድ ወረቀት።
ዕድሜ፦ ስድሳ ሦስት። ሲጋራ፦ አያጨስም።
ከዚያ በታች ያለውን ያን ሌሊት አላነበብንም።

ጨረሩን ቀስ ብዬ አወረድኩት።
ይህ ዕቃ ጨካኝ ነው፣ የሚያየውን ያቃጥላል፤
ካፈጠጥክበት ሥጋው ይከስላል።
ስለዚህ ዓይናችንን ሰብረን ነው የምናየው፣
ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው።

መጀመሪያ ግራጫ ብቻ። የሴሉ አጥር፣ የሴሉ ደጅ፣
ከዚያ መሐሉ ላይ ጥቁር፣ ጥቁር ፍሬ፣ ማን እንደዘራው እንጃ፣ የማን እጅ።
ክብ ናቸው። ድፍን ክብ።
የመንገድ አቧራ እንዲህ አይከብም፤ ማዕዘን አለው፣ ሻካራ ነው፤
ይህ ግን ቀልጦ የረጋ፣ እሳት ያየ ነው።

ኤክስሬዩን ጠየቅነው። «መዳብ» አለ።
መዳቡ የራሳችን ወንፊት ነው፣ አይቆጠርም፣ ተዘለለ።
«ብረት» አለ። ብዙ ብረት። ጥቂት ባሪየም።
ዝዲስላቫ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፤ ለጊዜው አልተናገረችም።
ከዚያ፦ «ፍሬን ነው» አለች። «የፍሬን ብናኝ።»
ወረቀቱን ገለበጥኩት። እጄ ላይ ያለውን ማመን አቃተኝ።
ሥራ፦ የትራም ሹፌር።
መስመር ስድስት፣ የሌሊት ተራ፣ ሃያ ስድስት ዓመት።

ሃያ ስድስት ዓመት!
«ይህ ሰይጣን ደግሞ መጣ» ያልኩት፣
ምስሌን ባበላሸ ቁጥር ከነዘሩ የረገምኩት!
እሱ ከላይ ፍሬን ሲይዝ፣ እኔ ከታች ስራገም፣
አንድ ዳገት ተካፍለን ኖርን፤ አንድ ቀን ሰላም አልተባባልንም።

ገደለው ወይ? ዶክተሩ ነገ ይህን ይጠይቃል።
እኔ አላውቅም። ምስሉም አያውቅም።
እዚያ መኖሩን ያሳያል እንጂ ምን እንደሠራ አይመሰክርም።

«አንድ ምስል ይብቃን» አለች ዝዲስላቫ፣ «ሥጋው እንዳይነድ።»
ቆየን፣ የመጨረሻው ትራም ቁልቁለቱን እስኪወርድ።
ሌላ ሰው ነው የሚነዳው አሁን።
ወለሉ ተረጋጋ፤ ትንፋሻችንን ያዝን፤
ጫንኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ትራም ተሳፈርኩ።
ሹፌሯ ልጅ እግር ናት፤ በመስታወቱ አየችኝ፣
«እንደምን አደርሽ» አልኳት፤ እንደማታውቀኝ እያወቅኩ።
ሃያ ስድስት ዓመት የዘገየች ሰላምታ፣
ለሌላ ሰው፣ በሌላ ቦታ።
ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ያዘች፤ ብረት ብረትን አፋጨ።
እኔም ሳላስበው፣
ምስል እንደሚያነሳ ሰው፣
ትንፋሼን ያዝኩ፣
እስከ ድልድዩ።