አንቱ

ደብዳቤውን ያነበቡት ራሳቸው አባ ሬሞን ናቸው፤
የሌላ ሰው ወሬ ይመስል አልተንቀጠቀጠም ድምፃቸው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአራት መስመር አለቀ።
ከኋላ ወንበር አንዱ ሳቀ፣
ቀልድ መስሎት።

በሐምሌ መጀመሪያ መጻሕፍታቸውን በሙዝ ካርቶን አሽገው፣
ድመታቸውን ማዳም ጉዬት ጭን ላይ ጥለው፣
ሠላሳ አንድ ቁልፍ ከነሽቦው ለእኔ ሰጥተው፣
«ቦይለሩ ሲያኮርፍ በግራ ጎኑ ምታው፤
ከዚያ ጸልይ። ቅደም ተከተሉን አትርሳው» ብለው
ሄዱ።

በሳምንቱ ልጁ መጣ፣
ከኬረላ እስከ ቲሚንስ በአንዲት ሻንጣ።
ልጁ ነበር የምንለው፤ አባ ሊጆ ለማለት አፋችን እምቢ ብሎ፤
ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ በአባ ሬሞን ሰፊ ካባ ተጠቅሎ፣
የቅዱስ ብሌዝ ቁምስና ቆሞስ!

መቼስ ሰው ነን። ሐሜቱ በደረጃው ላይ ጀመረ፤
ስብከቱ ስምንት ደቂቃ! በአባ ሬሞን ጊዜ እንቅልፍ እንኳ ይበቃን ነበረ።
የቅዱስ አንጦንዮስን ሐውልት ከቀኝ ወደ ግራ አዞረ፤
ሲኞራ ኢዳ ሦስት እሑድ ሙሉ ለባዶው ጥግ ሻማ አበራች፣
የጠፋ መነጽሯንም አገኘች።

ከሁሉ የባሰው ስቲፔ ነው፣ የድሮ የወርቅ ቆፋሪ፣
ሳንባው የድንጋይ ዱቄት የጠገበ፣ ምላሱ ግን ነቋሪ።
«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን» ክሮኤሽያም ውስጥ አለ መሰለኝ፣
በየሳምንቱ ክንዴን ይዞ ይህንኑ ነበር የሚነግረኝ።

እኔስ ብሆን? የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የቱ ነው ቢለኝ ሽቦውን እንዳለ አስይዤ፣
ሠላሳ አንዱንም ሲሞክር ቆሜ አየሁት፣ ሣቄን ይዤ።

ጥር ገባ። ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልኬ ጮኸች።
የልጁ መኪና ሞታለች፤ የስቲፔ ነፍስ ግን ገና፤
«ታደርሰኛለህ?» አለኝ። ወጣን በእኔ መኪና።

በጣሪያው መብራት መዳፉን ደጋግሞ ያነባል፤
ክብ ክብ በሆነው ያገሩ ፊደል በእስክሪብቶ ተጽፎበታል።
«ምንድን ነው?»
«አባታችን ሆይ፣ በእሱ ቋንቋ። ወረቀቱ ይጠፋብኛል ብዬ።»
ዝም አልኩ፣ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ።

ክፍሉ የመድኃኒትና የድሮ ትምባሆ ሽታ ነበረው።
ዘይቱን ቀባው። ከዚያ መዳፉን ወደ መብራቱ ዘርግቶ
«ኦቼ ናሽ...» ብሎ ጀመረ፣ በአክሮባት ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው ፈርቶ።
ስቲፔ አንድ ዓይኑን ገለጠ።
«ተሳስተሃል» አለው። «እንደገና።»
እንደገና ጀመረ።
«አሁንም። እንደገና።»

አራት ጊዜ አረመው፣ የሚሞተው፤
አራት ጊዜ እንደ ፊደል ቆጣሪ ታዘዘው።
በአምስተኛው አብሮት አለ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ፤
እስከ «አሜን» ግን አልደረሰ።
አሜኑን እኛ አልንለት፤
ሚስቱ፣ ልጁና እኔ።

ሊነጋ ሲል ወጣን። በረዶው እንደ ብርጭቆ ከጫማችን ሥር ይሰበራል።
መኪናዬን አስነሥቼ በሩን ከፈትኩና፣
ከአፌ ያመለጠው አማርኛ ሆነና፣
«ይግቡ፣ አባ።»

እንግሊዝኛ አንድ «ዩ» ነው ያለው፤ ለጳጳሱም ለድመቱም፤
ስድስት ወር ሙሉ የነፈግኩትን ከእኔ በቀር ያወቀ የለም።
«ምን አልከኝ?» አሉ፣
ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው።
«ብርድ ነው፣ ነው ያልኩት።»

ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ቦይለሩ አኩርፎ ነበር።
በግራ ጎኑ መታሁት።
ጸሎቱን እሳቸው አደረሱ።