ሁለት ሰዓት

"ረዳት መጣችልህ" አሉኝ ርእሰ መምህሩ አስጠርተው፣
"ታንዲዌ፣ ከማላዊ" ወረቀቱን ሁለቴ አንብበው።
ረዳት ሲባል የማውቀው ከሚኒባስ በር ተንጠልጥሎ
"ሰኞ ገበያ! ሸዋ በር!" የሚል ልጅ ነው ተቻኩሎ።
ሃያ ዓመት እንግሊዝኛን ብቻዬን ሽቅብ ስገፋ
ረዳት አልጠየቅሁም፤ ስትመጣም ልቤ አልሰፋ።

"ሰኞ፣ በሁለት ሰዓት" አልኳት። ሰኞ ሁለት ሰዓት ሆነ።
ከጦሳ የወረደ ጉም የግቢውን ባንዲራ ሸፈነ፤
ስልሳ ስምንት ተማሪ ዓይኑን በሩ ላይ ጥሎ
ነፋስ በሩን በነካ ቁጥር ይነሣል "ጉድ ሞርኒንግ" ብሎ።

እሷ ስምንት ላይ ደረሰች፣ ጫማዋ ውሃ ጠግቦ፤
ግቢው ጭር ብሎ፣ እኔ ደብተር ሳርም፣ ዘበኛው ጋቢ ደርቦ።
"ሁለት ሰዓት ነው" አለች፣ ክንዷን ወደ እኔ ዘርግታ።
እውነቷን ነው።
የኔ ሁለት ግን ሄዳለች፣ ጠዋት መጥታ።

ፈረንጅ ብትሆን ይቀላት ነበር፤ መንገዱ ይከፈትላት፣
"ዩ! ዩ!" የሚል ሕፃን ሁሉ እስከ ቤቷ ይከተላት።
መልኳ የኛው ስለሆነ ደሴ እንግድነቷን ረሳባት።
ቧንቧ ውሃ ላይ አንዲት አሮጊት የመቶ ብር ዝርዝር ጠየቋት፣
ዝም ስትል "ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?" ሲሉ ታዘቧት።

አከራይዋ እትዬ መኪያ፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዘው፣
"አብሽሪ" አሏት ማታ፣ ብርዱን ከፊቷ ላይ አይተው።
ደብተሯ ላይ ጻፈች፦ "አብሽሪ" ማለት ውሃ ነው።
ሦስት ቀን ቧንቧው ደርቆ "አብሽሪ የለም!" ብላ ስትወጣ
ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ፤ ሳቁም ውሃውን ሳያመጣ።

አንድ እሑድ ሐይቅ ወስጄ "እነሆ ባሕራችን" ስላት
ማዶውን አይታ ሳቀች። የነሱ ሐይቅ ማዶ የለውም። ወዲያው ግን ሳቋ ሸሻት፤
ውሃውን በእጇ ጨልፋ አሸተተችው።
ስንመለስ በመኪናው መስኮት ዞራ የምታየው ነገር ነበራት።

ክፍል ውስጥ አንድ ቀን "ቬጀቴብል" ብዬ ሳስነብብ
ከኋላ ወንበር ቀስ ብላ "ቬጅታብል" አለች፣ ሳታስብ።
ስልሳ ስምንት ራስ ዞረ። አንገቴን ላብ አጠመቀው።
ስንቱን ጎመን በሐሰት ስም ጠርቻለሁ? ማን ያውቀው?
ያን ቀን አላናገርኳትም።

በነጋታው "ጠመኔ" ልትል "ተመኔ" ስትል ክፍሉ በሳቅ ታመሰ።
ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማነው ዘሃራ ግን ተነሣች፤
የእንግዳዋን መዳፍ ይዛ ከገዛ አፏ ፊት አደረገች፦
"ጠ! ትንፋሹ አይውጣ፤ ታስሮ ይፈንዳ፣ እንደሚቆላ በቆሎ።"
አንዴ ወጣላት፤ ደግሞ ጠፋ፣ ኮብልሎ።
እኔም ከኋላ ወንበር፣ ከንፈሬን በደብተር ጋርጄ፣
"ቬጅታብል፣ ቬጅታብል" እላለሁ፣ ከሃያ ዓመቴ ወርጄ።

ሚያዝያ ላይ ከኮምቦልቻ መጻሕፍት ልናመጣ ታቀደ።
"ቅዳሜ፣ በሁለት ሰዓት፣ መናኸሪያ" አለች። ሐሳቤ ወደ እሷ ሄደ፦
"እንግዳ ናት፤ የሷ ሁለት የኛ ስምንት ነው" ብዬ አሰላሁ፣
ልብሴን አጠብኩ፣ ምሳ በላሁ፣ ጋደም አልኩ፣ ተነሣሁ።

በስምንት ሰዓት ብደርስ፣ ከሚኒባሱ በር ተንጠልጥላ
"ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!" ትላለች፣ ድምፅዋን አስተካክላ፤
"አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው!"

አንዱ ሰው እኔ ነበርኩ።

"ከጠዋት ጀምራ" አለኝ እውነተኛው ረዳት፣ "ስድስት መኪና አስሞልታ ሸኝታለች።"
ሰዓቷን አላሳየችኝም። አየችኝ ብቻ፣ አየችኝና
"ጠበቅኩህ" አለች።
"ጠ"ዋ ፈነዳች።