ባሮሎ በደብረ ሲና

መሐንዲሱ ሲሄድ ለባሌ የሰጠው፣
ባሮሎ ይባላል፣ ጠርሙሱ ጥቁር ነው፤
ቡሹን በሚስማር ነው ጓንጉል የነቀለው።

ጠጅ የለመደ አፌ ማሩን ሲጠባበቅ፣
ምላሴን ጠፈረው፣ ድዴንም አርጎ ጥብቅ።
«ለዚህ ነው?» አልኩና አስቀመጥኩት ዳር ላይ፤
የጣርማ በር ጉም ሲወርድ በመስኮት ሳይ፣
አንድ ሰዓት ቆየ፤ ባሌም ምንም አላለ፤
ብርጭቆው ውስጥ ግን የሆነ ነገር አለ።

ቀጋ ሸተተኝ ፊት፣ ካጥር ሥር የፈካው፣
ቀጥሎ ትኩስ ሬንጅ፣ ጎማ ገና ያልነካው።

ይሄን ሽታ አውቃለሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ግሬደሩን አቁሞ ማታ ቤት ሲገባ፣
ከአንገቱ ሥር ያለ፣
ሳሙና ያላባረረው።

ጓንጉልም እንዲህ ነበር። በተጋባን ሰሞን
ቃል የማይወጣው፣ እንደ ጌሾ መራራ፤
ለእናቴ «ልመለስ» ብዬ ብልክባት፣
የመለሰችልኝ አንድ ቃል ናት፦
«ይደር።»

አሁን ስጎነጨው ያው ጠፍሮ ይይዛል፤ አልለዘበም ጨርሶ፤
ሙቀቱ ግን ኋላ ይመጣል፣ ከጉሮሮ በታች፣ ቀስ ብሎ፣ ተመልሶ።
ጓንጉል ጠርሙሱን አዘንብሎ
«ልድገምልሽ?» አለኝ።
ብርጭቆዬን ሳቀብለው
አንገቱ ሥር አሸተትኩ።