ጥብጣብ የሌላት ዘለበት

እሑድ፣ ከንጋቱ፣ አሮጌ ዕቃ ተራ፣
ፕሬንዝላው ከተማ፣ ከጡቡ ግንብ ጋራ፣
ጥቅምት አፍንጫዬን እንደ ድመት ቧጭሮ፣
እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ዐይኔ ግን ቆፍሮ
ከዛገው ማንኪያ ሥር፣ ከቆመው ሰዓት ሥር
የሰው ዕድሜ ይለቅማል፣ ዓመት ሲቆጣጥር።

ሌላው ሰብሳቢ ሁሉ ጀግና ነው የሚሻ፤
የምሽግ ሜዳሊያ፣ የደም ማስታወሻ።
እኔ ግን የምወድ የቆየን ሰው ነው፦
ጥይት ያልፈለገው፣ ታሪክ የረሳው፣
ማለዳ ተነሥቶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣
“አቤት” ያለውን ሰው፣ ነገም “አቤት” ብሎ።
ቆየ ተብሎ ነው የተሸለመበት፤
መቆየትም ጦር ነው፣ ቁስሉ የማይታይበት።

ፕሩሲያ ስትመዝን የወታደር ዕድሜ፣
ሚዛኗን ዐውቃለሁ ቆጥሬ ደጋግሜ፦
ዘጠኝ ዓመት፣ ብረት።
ዐሥራ አምስት፣ ብር።
ሃያ አንድ ለሞላው
ወርቅ የተቀባች ዘለበት ናት ዕጣው፤
ሰማያዊ ጥብጣብ ከኋላ የያዛት፣
የንጉሥ ስም ፊደል መሐል የተጻፈባት።
የባለቤቱ ስም? ይፈልጉት፤ የለም።
አውራ ጣት በማታህል ብረት ላይ ማንም
ለሎሌ ስም ብሎ ቦታ አላተረፈው፤
ፊደሉ የንጉሥ፣ ዓመቱ የሎሌው።

ኢርምትራውት ካሱልከ፣ በቢራ ሣጥን ላይ
ተቀምጣ፣ ከፎጣ ፈትታ ብታሳይ፣
ብረት ናት፤ ባለ ዘጠኝ፤ መርፌዋ ተጣሟል፤
ጥብጣቧ የለችም፤ ጠርዟም ተሸራርፏል።
“ስንት?” አልኳት። “ስልሳ።”
“ያለ ጥብጣብማ ሠላሳም በዛባት፣”
አልኩ እንደ ዐዋቂ። ይህ ነው የኔ ብልሃት፦
የጎደለ ጠቅሼ ያለውን መሸመት።

አልተቆጣችኝም። ሻሿን አጠበቀች።
ጓንቷንም አውልቃ፣ ቀስ ብላ ጀመረች፦
“ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጋጣ ነው የጠረገው፤
ጠላት መች አየና፤ ፈረስ ነው የረገጠው።
አገር ቤት ሲመለስ ልጁ አላወቀችውም፤
ከበር ኋላ ሆና ‘ግባ’ አላለችውም።
ምን ይስጣት? ከረሜላ ከኪሱ አልነበረ፤
ደረቱ ላይ ያለው ብቻ ነው የቀረ።
ጥብጣቡን አወጣ፣ በጥርሱ በጥሶ፣
ጸጉሯን አሰረላት፣ ጉንጉኗን መልሶ።
አያቴ ናት ልጅቱ። ያንን ጨርቅ ቋጥራ
ድንች ስትለቅም፣ ከዓመት ዓመት ኖራ፣
ቀለሙ ነጥቶ፣ ክሩ እስኪያልቅ በላይዋ።
የጎደለ የለም። ስልሳ ነው ዋጋዋ።”

ስልሳውን ቆጠርኩላት፤ ቃል አልወጣኝ ሌላ።
ቤቴ ገባሁ፣ አንገቴን ደብቄ ከኮሌታ ኋላ።

የብስክሌት ሰንሰለት ሠርቻለሁ እኔ፣
ጥርስ ከጥርስ ሳጋጥም፣ እስኪፈዝ ድረስ ዐይኔ።
ሃያ አምስት ለሞላው ሰዓት ይሸልማሉ፤
ዐሥራ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ “ተሸጠናል” አሉ።
በሩ ላይ ሰንሰለት፤ የኛው ሥራ ይሆን?
ስኒያችንን ይዘን በተርታ ወጣን።

“ያልሰጡህን ሰዓት ከሙታን ትለቅማለህ፣”
ትለኝ ነበር ሚስቴ፤ “መቼ ትጠግባለህ?”
ልክ ነበረች። ዛሬ ግን ሌላ ነገር
ከጉሮሮዬ ቆመ፣ እንደ ዓሣ አጥንት ስንጥር፦
ሌሊት ስሠራ፣ ቀን ስተኛ፣ ልጄ አኔግሬት
ብቻዋን ተማረች፣ ቆማ ከመስተዋት፣
ጸጉሯን ጎንጉና ራሷ ማሰሩን።
ማን አየላት? ማንስ ሰጣት ጥብጣቡን?

መሳቢያዬ ውስጥ ከበርሊን የመጣ
ሰማያዊ ጥቅል አለ፣ ድሮ መሳይ፣ ያልነጣ፤
ዐሥር ሣንቲ ቢቆረጥ ዋጋዋን ያድሳል።
እጄ መቀሱን ያዘ። አስቀመጠው። ይበቃል።

ከቬልቬቱ ላይ ራቁቷን አኖርኳት፤
ከሥሯም ካርዷን በእርሳስ ጻፍኩላት፦
ማዕድን፦ ብረት።
አገልግሎት፦ ጋጣ መጥረግ፣ ዘጠኝ ዓመት።
ጉድለት፦
እርሳሱ ቆመ። ዝናቡ መስኮቱን ያንኳኳል።
“የለም” ብዬ ጻፍኩ።

ስለ ዘለበቷ ነው።